ለሚመለከተው ሁሉ

እንቅልፍ እምቢ ካላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቀን ማለት ደግሞ የእውነት ቀን ነው፤ እሷ የምትተኛው አገር ምድሩ ሥራ ሲገባ ነው። መስኮቱ ላይ የሰቀለችው ወፍራም ብርድ ልብስ በግራ በኩል አልደርስ ብሎ፣ በዚያች ክፍተት የገባችው ፀሐይ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የምትሆን መስመር አስምራለች፤ ዓይኗን ጨፍናም ታያታለች። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በማሽን ይጠርጋል፣ ማሽኑ ባጓራ ቁጥር የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለች ይመስላትና እጇ ብርድ ልብሱ ስር ሆኖ አንሶላ ማጠፍ ይጀምራል፣ ጫፍ ከጫፍ፣ እንደገና ጫፍ ከጫፍ፣ ደም የነካውን ለብቻ፣ የሕፃናት ክፍሉን ለብቻ፣ ከዚያ ራሷ ስትይዘው ይቆማል። ስልኩ ትራሷ ስር ነው። ጠበቃዋ አሥር ቀን አለሽ ካለቻት አራቱ ሄደ፣ ስድስት ቀረ፣ ዛሬ ካልደወለች አምስት ይሆናል፣ እና አሁን አገር ቤት ስንት ሰዓት ነው፣ እናቷ የከሰዓት እንቅልፏን ጨርሳ ደጃፍ ላይ ወንበሯን አውጥታ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው፣ ደም ግፊቷም ረጋ የሚለው በዚህ ሰዓት ነው ትላለች ታናሽ እህቷ። ስልኩን ታወጣለች። ቁጥሩን ታያለች። መልሳ ትራሱ ስር ትከተዋለች። ምን ብላ ትጀምር? እማዬ፣ የጻፍሽው ደብዳቤ ልጄን ወሰደብኝ ብላ ትንገራት? እንዲህ ያለ ነገር ለሰባ ዓመት ሴት በስልክ ይነገራል? ካልተነገረ ደግሞ ሁለተኛው ደብዳቤ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያየችው ችሎት ውስጥ ነው፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ተገልብጦ። የልጅቷ አባት ጠበቃ ከሰማያዊ ማህደር አንድ ወረቀት መዞ አወጣ። ባሌ ማለት ካቆመች ዓመት አልፏታል፣ የልጅቷ አባት ነው የምትለው፣ ስሙ አፏ ውስጥ ሲገባ እንደ ሳሙና ነው የሚሆንባት። ወረቀቱን በሩቁ አወቀችው። አማርኛ ስለሆነ አይደለም። «ለ» የምትባለዋ ፊደል አንድ እግሯ ረዝሞ ከመስመር ወርዷል፣ «ለ»ን እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እንዴት አታውቀው፣ ፊደል ያስቆጠረቻት እኮ እሷ ራሷ ናት። አባቷ በሞተ በዓመቱ እናቷ ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ተመዘገበች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ሰው እንዳያያት በግድግዳ ጥግ ጥግ እየሄደች፣ እሷ ያን ጊዜ አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ቁጭ ይሉና ያን በሥራ የደደረ እጅ ከላይ ይዛ ሀ ለ ሐ እያለች ትመራዋለች። እግሯን አታስረዝሚው እማዬ ስትላት እናቷ ትስቅና ተያት፣ እግር ካላት ሩቅ ትሄዳለች ትላለች። ሄደች። ባሕር ተሻግራ፣ ኬላ አልፋ፣ ማኅተም ተደርጎባት፣ ቁጥር ተሰጥቷት ችሎት ድረስ መጣች።

አሁን በቃሏ ትወጣዋለች። ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ የእናትየዋ እናት ነኝ። ልጄ መልካም ልጅ ናት፣ ሥራ አትፈራም። ነገር ግን ቁጡ ናት፣ ስትናደድ ዓይኗ አያይም። ከትንሽነቷ ጀምሮ እልኸኛ ነበረች። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና ታናሽ እህቷን ይዛ ለማንም ሳትናገር ጠፍታ፣ ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ አክስቷ ቤት ገብታለች። የወደደችውን ጥላ አትሄድም፣ ይዛ ነው የምትሄደው። ባሏ ታጋሽ ሰው ነው፣ እሑድ እሑድ ሳይደውልልኝ አያልፍም። የልጅ ልጄ እናቷ እስኪበርድላት ከአባቷ ጋር ብትቆይ መልካም ነው። ስም፣ ፊርማ። ፊርማዋ ሙሉ ስሟ ነው፣ አጭር ፊርማ አትወድም፣ የለፋሁበትን ፊደል ለምን አሳጥረዋለሁ ትላለች። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ግን የእናቷ አፍ አያውቀውም፣ የቢሮ ቃል ነው፣ እሱ ነው ያስጻፋት። ስለዚህ አታሏታል። ለሽማግሌ ነው፣ እናስታርቃችኋለን ለሚሉ ሰዎች ነው ብሎ አታሏታል፣ የሷ እናት እያወቀች እንዲህ አታደርግም። ይህንን በየቀኑ እንደ መድኃኒት ትወስደዋለች፤ ከምግብ በኋላ ሳይቀር።

ተርጓሚው «ስትናደድ ዓይኗ አያይም» የምትለዋን ምን እንዳደረጋት የሰማችው ከሐኪሙ ነው። ዳኛዋ ለአእምሮ ምርመራ ስትልካት ሐኪሙ ፊቷ ተቀምጦ፣ አስተርጓሚው በስልክ፣ ለመሆኑ በሚናደዱበት ጊዜ የማየት ችሎታዎን የሚያጡት ለስንት ደቂቃ ነው አላት። ጭንቅላትዎን ተመተው ያውቃሉ ወይ? በቤተሰብ የሚጥል በሽታ አለ ወይ? ትንሽ ባትሪ አውጥቶ ዓይኗ ውስጥ አበራ፣ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፣ ወደ ግራ ይመልከቱ። ሳቋ መጣ። ሳትፈልግ፣ ከሆዷ፣ ከስንት ወር በኋላ ሳቋ መጣና አላቆም አለ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ሐኪሙም አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ኋላ ጠበቃዋ አነበበችላት፤ ያለ ቦታው ይስቃሉ። የጠፋችበት ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የልጅቷ አባት ጠበቃ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክብርት ዳኛ፣ ሕፃን ይዞ መሰወር ለዚህች እናት አዲስ አይደለም፣ የገዛ እናቷ መስክራለች አለ። በዚያች አንድ መስመር ፓስፖርቷ ተያዘ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ሆነች፣ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ ባለበት።

ያን ታሪክ እናቷ ለእንግዳ ስታወራው ትኖር ነበር። የአስራ አንድ ዓመት እብድ ልጅ ነበረችኝ፣ እህቷን እንደ ጠቦት እየጎተተች ሁለት ቀን ሄደች፣ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ አድረው፣ አክስቷ በር ስትከፍት ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ፣ እግሯ ቆስሏል መጀመሪያ እሷን እጠቢልኝ አለቻት። እንግዳው ይስቃል፣ እናቷ ትስቃለች፣ እሷም እቃ እያነሳች ትስቃለች። አባቷ በሕይወት እያለም ሲነገር እሱም ይስቅ ነበር። አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ ለምን ሄደች ብሎ አልጠየቀም።

ደግሞ ቁጡ አይደለችም ወይ? ናት። ማንን ታታልላለች፣ ብቻዋን አልጋ ላይ ሆና። የልጅቷ አባት እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ እሱ የሚያነሳው ስልኩን ነው። ወጥ ቤት ገብቶ፣ ድምፁን እንደ ጸሎት አለስልሶ፣ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ እናትሽ ሳትሆን ሌላ ሰው ባሳደገሽ፣ ወይም፣ ልጅቷ እኮ ትፈራሻለች፣ ወይም ደግሞ፣ አንቺ ያለ እኔ እዚህ አገር ማን ነሽ። ከዚያ ደሟ ሲፈላ፣ አፏ ሲከፈት፣ ስልኩ ተነስቷል፣ ይቀርጻል፣ በካሜራው ውስጥ የምትታየው የምትጮህ ሴት ብቻ ናት። ሦስት ቅጂ አቅርቧል። በሦስተኛው ላይ ድስት ትወረውራለች፣ ባዶ ድስት ነው፣ ግድግዳውን ነው የመታችው፣ ግን ችሎት ውስጥ ሲታይ እሷ ያየችው ድስቱን አይደለም፣ በጥግ በኩል ጠረጴዛው ስር ሁለት ትንንሽ እግሮች ካልሲ አድርገው ሲሰበሰቡ ነው ያየችው። ያን ቀን አላየቻቸውም። ስትናደድ ዓይኗ አያይም። እናቷ አልዋሸችም፣ እዚህ ላይ አንዲት ቃል አልዋሸችም፣ አጥንቷ ድረስ የሚቆረጥማትም ይኸው ነው፣ እሷም በልጅነቷ አልጋ ስር ገብታ የእናቷን እግርና የአባቷን ጫማ ብቻ አይታ ታውቃለችና። የአባቷ ጫማ ጥቁር ነበር፣ ማሰሪያው ሁልጊዜ የተፈታ። እና አሁን ልጇ ስታድግ የምታስታውሰው የማንን ጫማ ነው?

ልጇን ሚጢ ነው የምትላት። ሰባት ዓመቷ ነው። የመገናኛው ክፍል ግድግዳው ቢጫ ነው፣ ትንንሽ ወንበሮች፣ የላስቲክ ምድጃ፣ አንድ ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት። ተቆጣጣሪዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ብርድ ሲሆን ማሞቂያውን ራሷ ትከፍታለች፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ እኔ በማይገባኝ ቋንቋ መነጋገር አይቻልም ብላታለች። ስለዚህ እናት ለልጇ የምታወራው በተሰባበረ የሰው አገር ቋንቋ ነው፣ ሚጢ ታርማታለች፣ እማዬ እንደዚያ አይባልም፣ እንዲህ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ቀን አላስችል ብሏት ነይ የኔ ሆድ ብላ ስትጠራት ተቆጣጣሪዋ ምን ማለት ነው አለቻት፣ ስትተረጉመው ሆዴ ማለት ነው አለች፣ ተጻፈ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ከስንጥር እየሠሩ ሳለ ሚጢ ቀና ብላ ሳታይ፣ አባዬ ትሰርቂኛለሽ ብሏል፣ እውነት ነው አለቻት። የስንጥሩ ጣራ እጇ ላይ ቀረ። ሰው ይሰረቃል እንዴ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፣ አለች፣ ቋንቋው ከዚህ በላይ አልታዘዝ አላት፣ በአማርኛ ቢሆን የምትለው ስንት ነገር ነበር። ሚጢ ጥቂት አሰበችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ከወሰድሽኝ ቦርሳዬን እንዳትረሺ፣ የሥዕል ደብተሬ አለ» አለቻት። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ምን አለች ብላ ጠየቀች። ሚጢ ራሷ ዞር ብላ፣ ዓይኗን ሳታሽ፣ ጫማዬ ጠበበኝ ነው ያልኳት አለች። ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። እሷ ግን ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች፣ መውረጃዋን አልፋ፣ የሰባት ዓመት ልጇ ለባለሥልጣን መዋሸት ተምራለች፣ ማን አስተማራት፣ ለማን ብላ ተማረች።

ጠበቃዋ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት፣ ስትናገር ሰዓቷን አታይም፣ ለዚህ ነው የምታምናት። ውሳኔው እንዲከለስ ማመልከት ይቻላል አለቻት፣ አሥር ቀን አለን፣ ግን ያቺን ደብዳቤ የሚያፈርስ ነገር ያስፈልጋል። እናትሽ ትጻፍ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለምን እንደተጻፈ፣ ያ የልጅነት ታሪክ ምን እንደነበር፣ በራሷ እጅ ትጻፈው። ትጽፋለች አይደል? ትጽፋለች አለች፣ አፏን ሞልታ። እናቴ እኮ ናት።

አልጋው ላይ ተነስታ ተቀመጠች። የጎረቤቱ ማሽን ዝም ብሏል። ደወለች።

እናቷ ገና ሃሎ ከማለቷ፣ ምነው ልጄ በሥራ ቀን፣ በሰላም ነው አለች፣ ከዚያ እንደልማዷ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሚጢዬ ደህና ናት ወይ። እሷም የጠየቀችውን ሁሉ አንድ በአንድ ስትመልስ ቆይታ፣ ሚጢ ላይ ሲደርስ ተናገረችው። ሳትጮህ ተናገረችው፣ ቃል እየመረጠች፣ እንደ ዕቃ እያስቀመጠች፤ ደብዳቤው ችሎት ቀርቧል፣ እንዲህ ተብሎ ተነቧል፣ ሐኪም ዘንድ ተልኬያለሁ፣ ፓስፖርቴ ተይዟል፣ ልጄን በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው የማያት፣ ሰው ተቀምጦብኝ። በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። እሷም እናቷን ከጥፋት ለማውጣት ተጣድፋ መውጫውን ራሷ ከፈተችላት።

«ፍርድ ቤት እንደሚገባ አልነገረሽም፣ አይደል እማዬ? ለሽማግሌ ነው ብሎሽ ነው።»

«ነግሮኛል» አለች እናቷ።

ግድግዳው ላይ ያለችው የፀሐይ መስመር ወደ በሩ ፈቀቅ ብላለች።

«ለዳኛ ነው ብሎኛል፣ አልዋሸኝም። ለሚመለከተው ሁሉ በይው ያለኝ እሱ ነው፣ የቀረውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። እህትሽ ተዪ ብላኝ ነበር። እኔ ልጇ ያለችበትን ጥላ የትም አትሄድም ብዬ ነው። ልጅቷ እሱ ጋ ከሆነች አንቺም ተመልሰሽ ትገቢያለሽ፣ ቤትሽ አይፈርስም ብዬ ነው። እኔስ ስንቱን ችዬ የተቀመጥኩት ለእናንተ ብዬ አይደል? ተቀምጬ ምን ሆንኩ?»

ምን ሆንኩ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሐሰት ነበር፣ ማንም ማንንም አላታለለም፣ እናቷ ልጇን ከማንም በላይ ስለምታውቃት ወጥመዱን በልኳ ሠራችው፣ የልጅ ልጇን መሐል ላይ አስቀምጣ። በፍቅር። ይኸው ነው የሚያቃጥለው፣ በክፋት ቢሆን እኮ ስልኩን ትዘጋና ትተኛ ነበር። ሳትናደድ፣ እንዲያውም ከመቼውም ይልቅ ዓይኗ እያየ፣ ያን ሠላሳ ዓመት ማንም ያላነሳውን ነገር አነሳችው።

«ምን እንደሆንሽ እኔ አውቃለሁ። አልጋ ስር ነበርኩ። እማዬ፣ እኔ መቼ ጠፋሁ? በጓሮ በር አውጥተሽ እህትሽን ያዥና ወደ አክስትሽ ሂጂ፣ ዞር ብለሽ እንዳታዪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያንን ጻፊልኝ። ለምን እንደሄድኩ ጻፊልኝ።»

«ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ» አለች እናቷ፣ ድምፁ ከእሷ የሚወጣ አይመስልም፣ ከሩቅ ክፍል ነው።

«እኔ ግን ሳልሞት ነው የተወቀስኩት።»

ሰው መጣ፣ አለች እናቷ፣ ስልኩም ተዘጋ። ማንም እንዳልመጣ ታውቃለች። እናቷ ሰው መጣ የምትለው አባቷ በመጣ ጊዜ ነበር፤ ልጆች፣ ሰው መጣ፣ ትላለች፣ እነሱም ይሰወራሉ።

ያን ቀንም አልተኛችም፣ በማግስቱም። ሥራ ቦታ አንሶላ መተኮሻው ላይ ቆማ፣ ጨርቁ ከአንድ ወገን እርጥብ ገብቶ ከሌላው ወገን እየጨሰ ሲወጣ፣ ይኸኔ እናቷ ምን ትላለች፣ ለማን ትነግራለች፣ ደም ግፊቷ ተነስቶ ይሆን፣ ብትሞትስ፣ እኔ ገደልኳት ይባላል፣ አባቷ ደግሞ ደግ ሰው ነበር ይባላል፣ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ወንዙ ላይ ድልድይ ያሠራ ሰው ብሎ ነው፣ እውነትም አሠርቷል፣ ድልድዩም አለ። የቡድኑ ኃላፊ መጥታ ጓንትሽን አላደረግሽም አለቻት፣ አየች፣ እውነትም አላደረገችም፣ አውራ ጣቷ ተልጧል። እየቆጠረች አይደለም ግን ቀኑ ይቆጠራል፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ጠበቃዋ መልእክት ላከች፣ ደረሰ ወይ። አልደረሰም። ሁለት ቀን ሲቀር፣ ጠዋት ከሥራ ወጥታ ፌርማታ ላይ ቆማ፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከታናሽ እህቷ ነው። ምንም ቃል የለውም፣ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ፣ «ለ» እግሯ ረዝሞ ከመስመር ወርዷል።

ለዳኛዋ። ከዚህ በፊት የጻፍኩት ጎደሎ ነው። ልጄ እህቷን ይዛ የሄደችው ሂጂ ስላልኳት ነው። አባቷ ይመታኝ ነበር። የዚያን ቀን በወንበር መታኝ፣ ጎኔ ተሰበረ፣ እስከ ዛሬ በዚያ ጎን አልተኛም። ልጆቹን እንዳይነካብኝ በጓሮ በር አወጣኋቸው። ልጄ የተላከች እንጂ የጠፋች ልጅ አይደለችም። ሠላሳ ዓመት ጠፋች እያልኩ ያወራሁት አፍሬ ነው። ባሌ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ልጄ ግን በሕይወት አለች። ሙሉ ስም። በፊርማው ቦታም ያው ሙሉ ስም፣ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ሁለት አውቶቡስ አለፋት። እስከ ዛሬ በዚያ ጎን አልተኛም። ይህንን አታውቅም ነበር፣ አንድ አልጋ ላይ ስንት ዓመት አብረው ተኝተው እናቷ ለምን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው እንደምትዞር አታውቅም ነበር፣ እህቷን እያቀፈች ነው የሚመስላት።

ጠበቃዋ ትርጉሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች፣ ጨርቅ ፈልጋ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። እናትሽ ጀግና ሴት ናት አለች። ከዚያ፣ ይህንን ባናስገባው ይሻላል አለች። እሷ ቋንቋውን የተሳሳተች መስሏት እንደገና በይልኝ አለቻት። ጠበቃዋ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን አስረዳቻት፤ በእሱ በኩል ያለው ጠበቃ ይህንን ወረቀት ሲያገኝ ምን እንደሚል አስቢ። በድብደባ መሐል ያደገች ልጅ ናት ይላል፣ ያየችውን ነው የምትደግመው ይላል፣ የድስቱን ቅጂ እንደገና ያሳያል። ደግሞ ጠብ በተነሳ ቁጥር ልጅ ይዞ መውጣት በዚህ ቤተሰብ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው ይላል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲህ ነው የምለው። የሥራ ምስክር ወረቀትሽን፣ ሕመም የለብሽም የሚለውን የሐኪሙን የመጨረሻ ሪፖርት፣ የተቆጣጣሪዋን ማስታወሻ እናስገባ፣ ይህ ይቅር። ውሳኔው ግን የአንቺ ነው።

ውሳኔው የእሷ ነው። አስገቢው ማለት ትችል ነበር። እናቴ ይህንን ለመጻፍ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባታል፣ አስገቢው፣ የፈለገው ይምጣ ማለት ትችላለች፣ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ካልሲ ያደረጉት እግሮች ግን ዓይኗ ላይ መጡ፣ ጠረጴዛው ስር ሲሰበሰቡ፣ እና ይቅር አለች። ጠበቃዋ ወረቀቱን በቀዳዳ መብሺያ በስታ ከማህደሩ መጨረሻ፣ ማንም ከማያየው ወረቀት ጋር አሰረችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔው በፖስታ መጣ። አራት ገጽ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይዛ ስታነበው ዋለች። ሕፃኗ በአባቷ ዘንድ ትቆያለች። ቁጥጥሩ ለስድስት ወር ይራዘማል፣ ከዚያ ይታያል። ፓስፖርቱ እንደተያዘ ይቆያል። እናት ቋንቋውን የሚሰማ ተቆጣጣሪ ከተገኘ በራሷ ቋንቋ መነጋገር ትችላለች። ከተገኘ። ይቺን ቃል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈለገቻት፣ ሦስቱንም ጊዜ ከተገኘ ነው የሚለው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሚጢ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው መጣች፣ ስትናገር ነፋስ ይወጣል፣ ጥርሱን ማን ነቀለልሽ ብትላት አባዬ አለች፣ አልቅሰሽ ነበር ብትላት አላለቀስኩም አለች፣ ተቆጣጣሪዋም ጻፈች።

እሑድ ከሰዓት እናቷ ራሷ ደወለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም፣ በእህቷ በኩል ነው ደህና ነኝ ደህና ናት የሚባባሉት። በላሽ ወይ አለች፣ ተኛሽ ወይ። የሚጢ አባት ደውሎ እንደነበር፣ እንዳላነሳችው፣ ሲጠራ ሲጠራ እንደተወችው ነገረቻት። እግረ መንገዷን እንደምትነግር ሰው ነው የነገረቻት። መስኮቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ወርዶ ነበር፣ መንገዱ ላይ ሰዎች ውሻ እያናፈሱ፣ ጋሪ እየገፉ ያልፋሉ። እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዳኛዋ አነበበችው?»

ጠበቃዋ የመለሰችላትን ማህደር አየችው፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለውን ወረቀት። እዚያ ድረስ የሚገልጥ እጅ የለም።

«አነበበችው» አለች።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ሁለት ጊዜ።»

እናቷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ ትንፋሹ በስልኩ ውስጥ እንደ ንፋስ ተሰማ፣ ወንበሩም ተንቋቋ። ሚጢን ሰጡሽ ወይ ብላ የምትጠይቃት መስሏት መልሱን እያዘጋጀች ነበር፣ ገና ስድስት ወር ነው፣ ይሻሻላል፣ ቋንቋ ፈቅደውልኛል። እናቷ ግን እሱን አልጠየቀችም።

«እንግዲህ አንድ ሰው አወቀልኝ» አለች።

እኔስ ልትላት አፏ ተከፈተ። እኔስ እማዬ፣ ከአልጋ ስር፣ በጓሮ በር፣ ሁለት ቀን በእግሬ፣ ሠላሳ ዓመት ጠፋች እየተባልኩ ከእንግዳ ጋር እየሳቅኩ፣ እኔ አላወቅኩልሽም? ግን እሷ እንደማትቆጠር ገባት፣ እሷ ያየች ናት፣ ማየትና ማወቅ ለእናቷ ለየቅል ነው፣ እናቷ የፈለገችው ባለ ማኅተም የሆነ፣ ሩቅ ያለ፣ ሰፈሩን የማያውቅ አንድ ሰው ነው፣ እሱም አላነበበም።

«አዎ እማዬ» አለች፤ «አንድ ሰው አወቀልሽ።»